ሁለተኛው በሬ

«ጎጃም ያ ሁሉ ጤፍ የሚታፈስበት አገር ሆኖ ገበሬው እንዲህ የሚደኸየው ለምንድን ነው? ስንፍና አይደለም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔ ያደግኩት ጮቄ ተራራ ሥር፣ ሲናን ወረዳ ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

አባቴ የነበረው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስ ነበር። አንድ ክረምት ሐምሌ ላይ በሬያችን ገደል ገባ። በሬ የሌለው ሰው ደግሞ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የምርቱ ግማሽ የአራሹ ነው። የቀረችን ግማሽ ጥር ላይ ለማዳበሪያ ዕዳ ተሸጠች። ጥር ሁሉም የሚሸጥበት፣ ዋጋ የሚወድቅበት ወር ነው። ሰኔ ላይ እናቴ ያንኑ ገብስ በውድ ዋጋ በጣሳ ትገዛ ነበር። እንዲህ እየሆነ የበሬ መግዣ ከየት ይምጣ? አራት ዓመት በእኩል ከረምን። አባቴ ግን ጎህ ሳይቀድ ይነሳ ነበር። ስንፍና የምትለዋን ቃል እባክህ ተዋት።

አፈሩም አለ። ደጋው ላይ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ አፈሩን እያጠበ አሲዳማ አድርጎታል። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ሰውም ገብስ ሲከዳው እንግዶ የሚባለውን የአጃ ዓይነት ይዘራል፤ እንግዶ እንዲህ ያለውን መሬት ይችለዋል። በዚህ አፈር ላይ ማዳበሪያ ብትበትን ፎስፈረሱን አፈሩ ጠፍሮ ይይዘዋል፣ ሥሩ ጋ አይደርስም። ተበድረህ የገዛኸውን ቀበርከው ማለት ነው። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ግን ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 30 ኩንታል ሊፈልግ ይችላል። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ይህን ሁሉ በአህያ ማን ያመላልሰዋል? ለእኔ መንገድና ኖራ አንድ ጉዳይ ናቸው።

መሬቱ ለልጅ እየተቆረሰ ማነሱን ሁሉም ያውቀዋል፣ አልደግመውም። ውኃ ያገኘማ ሌላ ነው። ሜጫ ሄደህ በቆጋ ግድብ መስኖ የሚያለማውን ገበሬ እይ፤ በዓመት ሁለቴ ያመርታል።

ምን ይደረግ ካልክ፣ መጀመሪያ የብድሩ መክፈያ ከጥር ወደ ግንቦት ይገፋ። ገበሬው እህሉን ጎተራ አቆይቶ ዋጋ ሲነሳ ይሽጥ። ይህ ብቻውን ስንቱን ቤት ባዳነ! ከዚያ በሬ ነው። እኛን ያወጣን የሰፈር ዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት አባወራ ሆነው ጀመሩት፤ ዕጣ የወጣለት ሌላ ነገር ሳይሆን ከብት እንዲገዛበት ተማምለው። ለአባቴ የደረሰው በስምንተኛው ወር ነበር። ገበያ አብሬው ሄጄ ቀይ ወይፈን ገዛን። ማታ እናቴ በመዳፏ ጨው አላሰችው።