ልጄ "አልወጣም" አለችኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህን እኔ እየነገርኩት የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። የምኖረው አዘዞ ነው። ሴት ልጄ አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ጋልቨስተን የምትባል ደሴት ላይ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሁለት ልጆች አሏት። ክረምት በገባ ቁጥር ሃሪኬን የሚሉት ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ ማዕበል መጣ ይባላል፤ እኔም እንቅልፍ አጣለሁ። አንድ ጊዜ "ውጡ" ተብለው ወጡ። ከሥራ ቀርታ፣ ለማደሪያ ብዙ ገንዘብ ከፍላ ስትመለስ ቤቷን ምንም አልነካውም። አሁን "ሁለተኛ አልወጣም፤ ቤቴ ጠንካራ ነው፤ መስኮቱን በጣውላ እመታዋለሁ" ትለኛለች። ልለምናት ወይስ ልተዋት? ከዚህ ሆኜስ ምን ላደርግላት እችላለሁ?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እናቴ፣ ይለምኗት። ሳይታክቱ ይለምኗት። ብቻ ነፋሱን እያነሡ አይከራከሯት፤ በነፋሱ ክርክር እሷ ትረታዎታለች። ጣውላ መስኮት ያድናል፣ ጥሩ ጣራም ብዙ ነፋስ ይችላል። ውኃውን ግን ጣውላ አይመልሰውም።

እኔ ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት ሂዩስተን 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ጋልቨስተን ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። እሑድ እሑድ ባሕር ለማየት እንወርድ ነበር። ደሴቷ ጠፍጣፋ ናት። ፎገራ ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሰው ከብቱን እየነዳ ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጣል። እዚያ ከፍታ የሚገኘው ድልድዩን ተሻግሮ፣ ብዙ ከተነዳ በኋላ ነው።

ውኃው እንዴት እንደሚመጣ እንዲህ አድርገው ይንገሯት። ሲሚንቶ ግቢ ላይ ውኃ አፍስሰው በመጥረጊያ ወደ ግድግዳው ሲገፉት፣ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ከፍ ይላል አይደል? ሃሪኬንም ባሕሩን እንደዚያ ነው የሚገፋው። በዚያ በኩል ባሕሩ እስከ ሩቅ ድረስ ጥልቀት የለውም። የተገፋው ውኃ መግቢያ ሲያጣ ወደ ሰው ቤት ይወጣል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ደግሞ 10 ኩንታል ይመዝናል። በሩን የሚመታው ይህ ነው።

በ2008 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አይክ የሚባል ሃሪኬን ጋልቨስተንን መታ። ከአምስቱ ደረጃዎች 2ኛው ላይ ነበር። "2 ከሆነማ ቀላል ነው" ብሎ የቀረ ብዙ ሰው አለ። ደረጃው የሚለካው ግን ነፋሱን ብቻ ነው፤ ስለ ውኃው ምንም አይናገርም። በዚያ በአይክ ከደሴቷ ማዶ ቦሊቫር ላይ የነበሩ ቤቶች ተጠርገው ሄዱ፤ የቀረው የቆሙበት ምሰሶ ነበር። ልጅዎ "የባሕር ግንብ አለን" ትልዎት ይሆናል። አዎ፣ አላቸው። በ1900 ማዕበል ደሴቷ ላይ ቢያንስ 6,000 ሰው ካለቀ በኋላ የተሠራ፣ 5 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ነው። የአይክ ውኃ ግን አብዛኛው በግንቡ በኩል አልመጣም። ከጀርባ፣ በደሴቷና በየብሱ መካከል ካለው ባሕረ ሰላጤ በኩል ዞሮ ገባ።

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን በከንቱ አስወጡኝ?" ላለችው፣ ንዴቷ ይገባኛል። በሰዓት ተከፍሎት ለሚኖር ሰው ሦስት ቀን ከሥራ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ትእዛዙ የሚሰጠው ማዕበሉ የት እንደሚያርፍ በትክክል ሳይታወቅ ነው። ከደሴቷ የሚያወጣው ዋና መንገድ አንድ ድልድይ ነው። ነፋሱ ከበረታ በኋላ መኪና እዚያ ላይ አይነዳም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ቀደም ብሎ መውጣት አለበት፤ ማዕበሉ በመጨረሻ ሰዓት ወደ ሌላ ቢዞርም እንኳ። ያን ጊዜ ዞረላት። እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን የራሴን ልንገርዎት። በ2005 መስከረም፣ መስቀል ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሪታ የተባለ ሃሪኬን እየመጣ ነበር። ካትሪና የተባለችው ሃሪኬን ኒው ኦርሊንስ የሚባለውን ከተማ ስታሰጥም በቴሌቪዥን ካየን አንድ ወር አልሞላንም። ፈራን። ቤታችን ከባሕሩ ሩቅ ነበር፤ ውጡ ያለንም የለም። ግን አራት ሆነን በአንድ መኪና ወጣን። በአራት ሰዓት የሚደረሰው ዳላስ 22 ሰዓት ፈጀብን። እንደ መተማ ያለ ሙቀት ነበር። ቤንዚን እንዳያልቅብን ማቀዝቀዣውን አጠፋነው። በየማደያው ቤንዚን የለም። አጠገባችን ከቆመው መኪና ውስጥ አንድ ሽማግሌ በሩን ከፍተው፣ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ አድርገው ይተነፍሱ ነበር። ከጋልቨስተን ነው የመጡት። መንገዱ ለእሳቸው መሆን ነበረበት። እኔ ዘግቼባቸዋለሁ።

ያን ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው መንገድ ላይ የወጣው። በማዕበሉ ከሞተው ይልቅ ሲሸሽ የሞተው በለጠ፤ ከመቶ በላይ ሰው። አረጋውያን የጫነ አንድ አውቶቡስ ዳላስ አጠገብ ተቃጥሎ 23 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ወዲህ አካባቢው በቀጠና ተከፋፍሏል። መጀመሪያ የሚወጣው ባሕሩ ዳር ያለው ሰው ነው፤ የመሀል ከተማው ሰው ቤቱ ይቀመጣል። ልጅዎ ደሴት ላይ ስለሆነች ከመጀመሪያዎቹ ናት። በተጠራች ሰዓት ከወጣች መንገዱ ብዙም አያስጨንቃትም።

ዳላስ ድረስም መሄድ የለባትም። ከውኃው መራቅ ነው እንጂ አገር መቁረጥ አያስፈልግም። ሂዩስተን ውስጥ የአገር ሰው ሞልቷል፤ ከአሁኑ አንድ ቤት ትያዝ፣ ለማደሪያም አትከፍልም። ብቻ አንድ ነገር ትጠይቃቸው፦ "በሃርቪ ጊዜ ውኃ ገብቶባችሁ ነበር?" በ2017 ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን ሂዩስተን አካባቢ በጥቂት ቀናት ያዘነበው፣ ጎንደር ዓመቱን ሙሉ የምታገኘውን ዝናብ ያህል ነው። "አዎ፣ ገብቶብን ነበር" ካሉ ሌላ ቤት ትፈልግ። አለቃዋንም ማዕበል ሳይመጣ "ከታዘዝን እወጣለሁ፤ ሥራዬስ?" ብላ ትጠይቅ። መኪናዋ የማታስተማምን ከሆነ 211 ደውላ ለአውቶቡስ ትመዝገብ፤ ምዝገባው አስቀድሞ እንጂ በዕለቱ አይሆንም። ስትመለስ መብራት ከሌለ ደግሞ ጄኔሬተር ቤት ውስጥ እንዳታስነሳ። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን እርስዎ ያውቃሉ፤ ያው ነው።

ከዚህ ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ጠይቀውኛል። ትልቅ ሥራ አለዎት። በማዕበል ጊዜ እዚያው አካባቢ መደዋወል ይከብዳል፤ መስመሩ ይጨናነቃል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሩቅ ያለ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ሁሉም ወሬውን ለእሱ ይልካል። ያ ሰው እርስዎ ይሁኑ። የልጆቹን የልደት ወረቀት፣ ፓስፖርቱንና የቤቱን ኢንሹራንስ ፎቶ አንሥታ ለልጅ ልጅዎ ስልክ ትላክ፤ እዚያ ቢረጥብ እዚህ ይኖራል። እርስዎ ደጋግመው አይደውሉላት፤ ባትሪዋ ያልቃል። አጭር መልእክት ይበቃል፦ ስትነሳ "ወጣን"፣ ስትገባ "ደረስን"። ጋልቨስተን በዚያ ወቅት ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አዘዞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ያን ሌሊት ስልኩ ከልጅ ልጅዎ ጋ ሳይሆን ከእርስዎ ራስጌ ይደር።