«አበርካቾች»፣ «ደራሲዎች» ወይስ «አስተዋፅኦ ያደረጉ ሁሉ»?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) የምንሠራው አንድ የሶፍትዌር ፕሮጀክት አለን። በሪፖዚተሪው (በኮዱ ማኅደር) የሠሩትን ሰዎች በአንድ ፋይል ልንዘረዝር ስንነሣ በርእሱ ሳንስማማ ቀረን። አንዱ «ሁሉም አበርካቾች»፣ ሌላዋ «ደራሲዎች»፣ እኔ ደግሞ «አስተዋጽዖ አድራጊዎች» እንበል አልን። የትኛው ይሻላል? ስሞቹንስ በምን ቅደም ተከተል እናስፍራቸው?

መልስ፦ ከሦስቱ መጀመሪያ የምተወው «ደራሲዎች» የሚለውን ነው። ጊት በእያንዳንዱ ኮሚት (በአንድ ጊዜ በሚመዘገብ ለውጥ) ላይ ለውጡን የጻፈውንና ለውጡን ወደ ሪፖዚተሪው ያስገባውን ሰው ለየብቻ ይመዘግባል፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን ለሊኑክስ ከርነል (ለሥርዓተ ክወናው እምብርት) ሥራ ሲያዘጋጀው፣ አንዱ ጽፎ በኢሜይል የላከውን ለውጥ ሌላው ተቀብሎ የሚያስገባበት አሠራር ነበርና። «ደራሲ» ከነዚህ ሁለቱ የመጀመሪያውን ብቻ ቢያመለክት ነው፤ ያውም አማርኛ አንባቢ ቃሉን ሲሰማ የሚታሰበው ልብ ወለድ ወይም ተውኔት የሚጽፍ ሰው ነው።

«አበርካች» በሥርዓቱ የተገኘ ቃል ነው። «ከፈተ» «ከፋች» እንደሚሰጠን ሁሉ «አበረከተ» «አበርካች»ን ይሰጠናል። ሥሩም «በረከት» ከሚለው ጋር አንድ ነው፤ ስጦታን «ገጸ በረከት» የምንለውን ያስታውሷል። ነገር ግን «አበረከተ» ተሻጋሪ ግሥ ስለሆነ ጆሮ «ምን አበረከተ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዜና ቋንቋ «ከፍተኛ አስተዋፅኦ አበርክተዋል» ሲባል የምንሰማውም ግሡ ተሳቢውን ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ በአንድ ቁልፍ ወይም በጠባብ ዐምድ ላይ ለሚሰፍር አጭር ርእስ «አበርካቾች» ያገለግላል፤ ለራሱ ፋይል ግን ሌላ ቃል እመርጣለሁ።

የምመርጠው «አስተዋፅኦ» ነው። ቃሉ ከግእዙ «ወፅአ» የመጣ ሲሆን በአማርኛ «ወጣ» የምንለው ነው። «አዋጣ» እና «መዋጮ» ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። የእድር አባላት እያንዳንዳቸው ከኪሳቸው አውጥተው በአንድ ላይ እንደሚያኖሩ ሁሉ፣ አንዱ ኮድ፣ አንዱ ትርጉም፣ አንዱ ስሕተት ማረም፣ ሌላው መመሪያ መጻፍ አውጥቶ የሚያኖርበትን ሥራ ከዚህ ይበልጥ የሚገልጽ ቃል አላውቅም። ስለ አጻጻፉ፣ የግእዙን ሥር ለሚጠብቅ ሰው «ፀ» ይቀድማል፤ «አስተዋጽኦ» ብለው በ«ጸ» የሚጽፉትም ብዙ ስለሆኑ በዚህ አልጣላም። እርስዎ የጻፉት «ዖ» ግን ድጋፍ የለውም፤ የሥሩ የመጨረሻ ፊደል አልፋው «አ» እንጂ ዓይኑ «ዐ» አይደለምና።

«አድራጊዎች» ከማለት ደግሞ «ለዚህ ፕሮጀክት አስተዋፅኦ ያደረጉ ሁሉ» ማለት ያምራል። «ሁሉም አበርካቾች» ስሕተት ነው ባይባልም የትርጉም ጠረን አለው፤ አማርኛ «የመጡ ሁሉ»፣ «የረዱን ሁሉ» እያለ «ሁሉ»ን ከኋላ ማስከተል ይወዳል።

ይሁን እንጂ «ሁሉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቃሉን መፈጸም ይጠበቅባችኋል። ሾርትሎግ የሚባለው የጊት ትእዛዝ ስሞችን ከነኮሚታቸው ቁጥር ያወጣል፤ በተለመደው አጠቃቀሙ የሚቆጥረው ግን በኮሚቱ ጸሐፊነት የተመዘገበውን ሰው ብቻ ነው። ስሕተት አግኝታ ያሳወቀችው፣ ቃላቱን ያቃናው፣ የሌላውን ኮድ መርምሮ ያረመው በዚያ አይታዩም። ዝርዝሩን ከትእዛዙ ብቻ የምትገለብጡ ከሆነ «ኮሚት ያደረጉ» ማለት ይበቃል፤ «ሁሉ» የሚለውን ለማኖር የቀሩትን በእጅ መጨመር ግድ ነው። እኔ መጨመሩን እመክራለሁ።

ቅደም ተከተሉ በራስ ስም ይሁን። የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ስላልሆነ በእርሱ መደርደር ሰውን በአባቱ ስም መጥራት ይሆናል፤ የራስ ስም ሲመሳሰል ብቻ ወደ አባት ስም ይኬዳል። በግእዝ ፊደል ለተጻፉ ስሞች ኮምፒውተሩ የሚከተለው የዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው መለኪያ) ተራ ከሞላ ጎደል የ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ ስለሆነ በዚህ ብዙ አትቸገሩም። የሚያስቸግረው ሞክሼ ፊደል ነው። አንድ ሰው በአንዱ ኮምፒውተር «ኃይሉ»፣ በሌላው «ሀይሉ» ብሎ ስሙን ካስገባ ሾርትሎግ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በፊደል ተራም አንዱ በመጀመሪያው ላይ፣ ሌላው ከ«ቸ» በኋላ ተራርቀው ይሰፍራሉ። ለዚህ መፍትሔው ሜልማፕ የሚባለው ፋይል ነው፤ ትክክለኛው ስምና ኮሚቱ የተደረገበት ኢሜይል በአንድ መስመር ሲጻፉበት ጊት ሁለቱን ስሞች አንድ ያደርጋቸዋል። የትኛው አጻጻፍ ትክክል እንደሆነ ግን መዝገበ ቃላት አይወስንላችሁም፤ ባለስሙን ጠይቁና እርሱ እንደሚጽፈው ጻፉት።