ጡረተኞቹ በጎ ፈቃደኞች ሊሄዱ ሦስት ሳምንት ቀራቸው ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም መጣ ንዴቴም መጣ፣ የተናደድኩት ግን በራሴ ነው። አዳማ እናንተ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያገለገሉ ጡረተኛ ባልና ሚስት ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል፣ ኮሚቴ ተቋቁሞ ብር እየተዋጣ ነው፣ ስጦታው ምን ይሁን ሽኝቱስ እንዴት ይደረግ ነው ያልሽው አይደል። እኛ ሀዋሳ ልክ ይሄንኑ ነበር ያደረግነው፣ የኮሚቴው ፀሐፊ እኔ ነበርኩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ባነርና ስለ በግ ስናወራ ከረምን፣ ሽኝቱም ሲያምር ሲያምር አለቀ፣ እነሱ ከሄዱ ሁለት ወር ሳይሞላ ያቋቋሙት ላይብረሪ ተዘጋ። ስለዚህ መልሴ ከስጦታው አይጀምርም፣ ይቅርታ።

የኛዎቹ ከሆላንድ ነበሩ የመጡት፣ ባልየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ሚስትየዋ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የነበሩ፣ ሁለቱም ሰባ ሊገቡ ትንሽ የቀራቸው። አንተ አንቺ በሉን ይሉ ነበር፣ አፋችን እምቢ አለና ጋሼ እና እትዬ ሆነው ቀሩ። ሰዉ መጀመሪያ ላይ በዚህ እድሜያቸው ምን ፈልገው መጡ እያለ ያማ ነበር፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካርተር እናት እኮ በ68 ዓመታቸው ገደማ ነው በሰላም ጓድ፣ በአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ ህንድ ሄደው ያገለገሉት፣ አዲስ ነገር አይደለም።

እትዬ ላይብረሪውን ካሮጌ ወንበር መጋዘን ነው ያነሱት። መጽሐፍ ሁሉ ጀርባው ላይ ባለቀለም ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፣ ቀዩ ገና ፊደል ለሚለዩ፣ አረንጓዴው አንድ ገጽ ሳይቆሙ ለሚያነቡ፣ እንደዛ እንደዛ፣ የሲዳምኛው የአማርኛው የእንግሊዝኛው ለየብቻ፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ካርድ አለው። ጋሼ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ እንዳይበተኑ ጣራው ላይ ሶላር ሰቅለው ከባትሪ ጋር አገናኙት። አሁን ልብ በይ፣ የቀለሙን ነገር የሚያውቁት እትዬና አንዲት የኮንትራት ረዳት ብቻ ነበሩ፣ ልጅቷ ክረምት ላይ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ሄደች። ባትሪው የተጣራ ውሃ በየጊዜው የሚጨመርበት ዓይነት ነው፣ ውሃው ካነሰ ውስጡ ይደርቅና ይሞታል፣ ይሄን ጋሼ ለኛ ሳይነግሩን ቀርተው አይደለም፣ አስራ አራት ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈው ለዳይሬክተሩ ቢሮ ሰጥተዋል፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ገባ። የኮምፒውተሩ ፓስዎርድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ለሽኝቱ ቀን ክፍሉ ይመር ተብሎ ቀለም ሲቀባ ተላጦ ተጣለ። ቀለም አስቀቢዋ እኔ።

በኋላ ላይ ለአንድ ዓመት የመጡ ሌላ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ፣ በሳቸው ጊዜ ነው ትንሽ የነቃነው። ያደረግነው ቀላል ነገር ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳምንታት እሳቸው ምንም እንዳይሠሩ ከለከልናቸው። እጃቸውን አጣምረው ጥግ ላይ ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፣ የኛ ሰው ይሠራል፣ ሲሳሳት ብቻ ይናገራሉ። መጀመሪያ ቀን ተቀየሙ መሰለኝ፣ ሥራ የለመደ ሰው ቁጭ በል ሲሉት ደስ አይለውም፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን የኛዋ ልጅ ያልገባትን ሃያ ነገር ጽፋ ነበር፣ ማንም በቃል ቢያስረዳት እነዛን ጥያቄዎች አትጠይቅም ነበር ምክንያቱም እንዳልገባት ራሷም አታውቅም። አባቴ ደሞ ይሄን ስነግራቸው ሳቁብኝ፣ እሳቸውን ሁለተኛ ደረጃ እያሉ ያስተማራቸው በ1955 ዓ.ም መግቢያ ላይ ከመጡት ወደ 280 ከሚጠጉት የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች አንዱ ነበር፣ ሊሄድ ሲል የመጨረሻውን ወር ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ ተማሪዎቹን በየተራ አውጥቶ ያስተምር ነበር አሉኝ፣ አባቴ አስተማሪ የሆኑት ከዛ በኋላ ነው። እኛ ይሄን ለማወቅ አንድ ላይብረሪ ዘጋን።

ደሞ ሥራውን የሚረከበውን ሁለት ሰው አድርጉ፣ አንድ ሰው ይቀየራል ይታመማል ይወልዳል። አንዱ ከተቻለ ጥበቃው ይሁን፣ እሱ የትም አይሄድም፣ የውሃ ታንከሩ መዝጊያ የት እንዳለ ማወቅ ከዳይሬክተሩ ይልቅ ለሱ ነው የሚጠቅመው። ወረቀት ካስፈለገ በአማርኛ ወይ በምታስተምሩበት ቋንቋ አንድ ገጽ፣ እዛው ዕቃው ላይ የሚለጠፍ።

እሺ ስጦታ። ኮሚቴሽን ላስቀይም ነው፣ የኛዎቹ ሲሄዱ አራት ጋቢ፣ ሁለት መሶብ፣ ሦስት ጀበና፣ የግድግዳ ሰዓት እና ስማቸው የተጻፈበት ትልቅ የፎቶ ፍሬም ነበራቸው፣ የተፈቀደላቸው ሻንጣ ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ነበር፣ ሁለት ዓመት የኖሩበት ልብስና መድኃኒት ሳይቆጠር። እትዬ ማታ ማታ ሻንጣውን እየመዘኑ ያለቅሱ ነበር፣ ሰው አክብሮ የሰጠውን ጥሎ መሄድ ነውር መስሏቸው። መሶቡ እኔ ቤት ነው ያለው፣ አሁንም ሳየው አፍራለሁ። ስለዚህ ብሩን አንድ ላይ አድርጋችሁ አንድ ቀለል ያለ ነገር ግዙ፣ የሀገር ልብስ ከሆነ አስለክታችሁ፣ ቡና ከሆነ ተቆልቶ የታሸገ። እትዬ ይዘው ከሄዱት ሁሉ እስካሁን የሚያነሱት ልጆቹ አንድ አንድ ገጽ ጽፈው የሰፉላቸውን ደብተር ነው፣ ዋጋው የስፌቱ ክር። እና አደራ አሮጌ ነገር እንዳትሰጡ፣ አንድ የሰፈራችን አባት የአያታቸውን የብራና ዳዊት አምጥተው ነበር ለጋሼ፣ ከልባቸው ነው፣ ግን ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለፈቃድ ከሀገር አይወጣም፣ ቦሌ ላይ ቢያዙ በመጨረሻ ቀናቸው ፖሊስ ጋር ነው የሚውሉት፣ በስንት ልመና መለስነው።

ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ ቤታቸው የሚሠራው ሰው ነው። እነሱ ሲሄዱ ምግብ የምታበስልላቸው ልጅና ዘበኛው በአንድ ቀን ሥራ ያጣሉ፣ ሁሉም ሰው የሚያወራው ግን ፍሪጁ ለማን ይደርሳል ነው። ፍሪጁ ሁለት ጎረቤት አኳርፎብናል፣ እስካሁን አይነጋገሩም፣ ባልና ሚስቱ ለሁለቱም ቃል የገቡ መስሏቸው፣ አንዷ እሺ ያሉኝ እኔን ነው ትላለች፣ እትዬ እሺ የሚሉት ሰምቻለሁ ለማለት ነበር። አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ የሚሸጠውን በዋጋ ይለጥፉበት፣ የሚሰጠውን ስም ይጻፉበት፣ ለልጅቷና ለዘበኛው ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሯቸው፣ የሥራ ልምድ ወረቀትም ይጻፉላቸው፣ የኛዋ ልጅ በዛ ወረቀት ነው ሆቴል የተቀጠረችው።

ሌላው ልመናው ነው። ልጄን ውሰዱልኝ፣ ስፖንሰር ፈልጉልኝ፣ ለቪዛ ደብዳቤ ጻፉልኝ፣ የመጨረሻው ሳምንት ሰው ሁሉ ይሄን ይዞ ነው በር የሚያንኳኳው። ቡና ጠጡ ብሎ የጠራቸው ሰው ቤት ሁሉ ሦስተኛው ስኒ ላይ ጉዳይ ይመጣል፣ በኋላ ላይ ቡና ሲባሉ ይደነግጡ ጀመር። ጡረታ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ባንክ አይደሉም።

እድራቸውን ልንገርሽ። የሰፈራችን እድር አባል ነበሩ፣ በየወሩ ይከፍላሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ጋሼ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይይዙ ነበር። ሊሄዱ ሲሉ መልቀቂያ ሊጠይቁ ስብሰባ መጡ፣ እዛ ቀን ያየሁትን ክርክር ፓርላማም አላይም። አንዱ ሽማግሌ በሄዱበት ቢያርፉ ድንኳን እዚህ እንተክላለን ወይ አሉ፣ ሌላው አስከሬን ለሌለበት ከተተከለ ለሁሉም መተከል ሊጀምር ነው አሉ፣ ፀሐፊው ደንቡን አገላብጦ ፈረንጅ የሚል አጣ። ጋሼ አስተርጓሚ ላይ እየሳቁ ነበር፣ እኔ ነኝ አስተርጓሚዋ፣ ስለራሳቸው ሬሳ ነው እኮ የሚወራው። መጨረሻ ላይ ዳኛው ስማቸው አይሰረዝም፣ መዋጮ ግን አይከፍሉም ብለው ዘጉት። ከሽኝቱ ሰርተፊኬት ይልቅ ይሄ ነው ሆዳቸውን ያባባው፣ ከስብሰባው ሲወጡ ጋሼ መንገድ ላይ ቆመው መነጽራቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ።

ሽኝቱ ራሱ ምን መሰለሽ፣ ሦስት ሰዓት ተብሎ የክብር እንግዳው አምስት ሰዓት መጡ፣ አምስት ንግግር፣ ሳውንድ ሲስተሙ ይጮሃል፣ ድንኳኑ ለእንግዳ እንጂ ለልጆቹ አልበቃም፣ ጋሼ እግራቸው አብጦ ጫማቸውን ከጠረጴዛው ስር አውልቀው ነበር። ካደረጋችሁ አሳጥሩት፣ አንድ ሰዓት በቂ ነው፣ ንግግር ሁለት። የቀረውን ጊዜ ለነሱ ተዉላቸውና የት መሄድ እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው። የኛዎቹ ሲጠየቁ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሉ፣ በጠዋቱ፣ ሁሌ ያመላልሳቸው የነበረው የባጃጅ ልጅ ብቻ ይዞን ሄደ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲገፍፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት ሲቀሙ ቆመን አየን፣ እትዬ ሁለት ዓመት ሲፈሩት የነበረውን ጥሬ ዓሣ በዳጣ ቀመሱ፣ ወደዱት አልልሽም። ማንም ንግግር አላደረገም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝተን እዛው ተለያየን፣ ቦሌ ድረስ ሚኒባስ ተከራይተን እንሂድ ያሉ ነበሩ፣ ደግ አደረግን አለመሄዳችን፣ ሁለት መቶ ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር እያለቀሱ መሄድ ለሽማግሌ አይሆንም።

አንድ የረሳሁት፣ የወባ መከላከያ ዶክሲ የሚወስዱ ከሆነ ሀገራቸው ገብተውም አራት ሳምንት መጨረስ አለባቸው፣ ሰው ተሰናብቻለሁ ብሎ ያቆመዋል። እዛ ትኩሳት ቢጀምራቸውም ወባ ያለበት ሀገር ነበርኩ ብለው ለሐኪም ይንገሩ፣ የዛ ሀገር ሐኪም ቶሎ ላያስበው ይችላል።

ስጦታውን የዛሬ ሁለት ሳምንት ትገዢዋለሽ፣ ሱቁ የትም አይሄድም። ነገ ጠዋት ግን የላይብረሪው ቁልፍ ስንት እንደሆነና ማን ጋ እንዳለ ጠይቂ፣ አንድ ብቻ ከሆነ አስቀርጪው፣ የኛ አንዱ ቁልፍ ሆላንድ ነው ያለው፣ በስህተት ከሻንጣቸው ኪስ ጋር ሄደ።