የቮልሷን ማሞቂያ የሠራኸው ልጅ፣ መጀመሪያ ስልክ ደውል

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጸሐፊው 22 ዓመቱ ነው። በአውቶ መካኒክ ደረጃ 3 ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ በረዳትነት ይሠራል። ክረምት ላይ አንድ አዛውንት አሮጌ ቮልስ ይዘው መጡ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የፊት መስታወቱ ጉም እየያዘ መንዳት አቅቷቸዋል። አለቃው «ማሞቂያ አንሠራም፣ ጨርቅ ይያዙ» ብሎ ሸኛቸው። ልጁ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በራሱ ጊዜ ገባበት። ዝጎ የተያዘውን የማሞቂያ ካቦ አላቀቀ፤ የተቀደዱትን ቱቦዎች ቀየረ። ሙቀቱ መጣ። አዛውንቱም መረቁት። ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ሥራ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ ግን አሮጌ መኪና ይዘህ ልታረጅ ነው፣ ኤሌክትሪክ ተማር ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል?»

መልሱ ይቆየን። መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግካት ነገር አለች፦ «ትንሽ የጭስ ሽታ አለው ብለዋል፣ ይለምዱታል።» ከወንበሬ ያስነሳችኝ እሷ ናት። ወንድሜ፣ አይለምዱትም! አሁኑኑ ደውልላቸው። ማሞቂያውን እንዲዘጉ፣ መስኮት ከፍተው እንዲነዱና መኪናውን መልሰው እንዲያመጡ ንገራቸው።

ምክንያቱን ታውቀዋለህ፣ ግን አላገናኘኸውም። ቮልስ ራዲያተር የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። የማሞቂያው ሙቀት የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ነው። ከማርሚታው (ከድምፅ ማፈኛው) በፊት፣ በግራም በቀኝም፣ የጭስ ቱቦውን እንደ ካፖርት የሸፈነ የብረት ሳጥን አለ። ማራገቢያው የሚገፋው አየር በሳጥኑና በጋለው ቱቦ መሀል አልፎ ይሞቃል። ከዚያ በሮቹ ሥር ባለው ውስጡ ባዶ ብረት ውስጥ ተጉዞ እግርና መስታወት ጋ ይደርሳል። አየሩን ከጭሱ የሚለየው እንግዲህ ያ ስስ ብረት ብቻ ነው። ከተበሳ ወይም በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ማሸጊያ (ጋስኬቱ) ከተቃጠለ፣ ጭሱ ቀጥታ አዛውንቱ አፍንጫ ሥር ነው የሚወጣው።

የከሰል ጭስ ሰው እንደሚያፍን እናትህ ሳትነግርህ አልቀረችም። እዚህም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እሱ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸተው አብሮት የሚመጣው ነገር ነው። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያንቀላፋል። እሳቸው ደግሞ መሪ ይዘዋል። ምናልባት የጋለ ሳጥን ላይ ጠብ ያለ ዘይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ግን በምናልባት መኪና አይረከብም።

ሲመጡ እንዲህ አድርግ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በጭስ ማውጫው ጫፍ ከኮምፕሬሰር ለዘብ ያለ አየር አስገባ። መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ ካወጣ ያስተነፍሳል። የሳጥኑ ውስጥ ግን ሳሙና አይደርስም። ስለዚህ ከሳጥኑ ሙቅ አየር የሚወስዱትን ቱቦዎች ንቀልና እጅህን የሳጥኑ አፍ ላይ አድርግ። በጭስ ማውጫው ያስገባኸው አየር በዚያ ከወጣ ሳጥኑ ተበስቷል። በብየዳ አጣብቄ እመልሰዋለሁ እንዳትል። ሶማሌ ተራ ወርደህ ደህና ሳጥን ፈልግ። ካልተገኘ ማሞቂያው ተዘግቶ ይቆይ። በሮቹ ሥር ያለውንም ብረት በባትሪ እያበራህ እየው። ዝገት ከበላው ሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እሱ የባትላሜራ (የመኪና አካል ብረት ሠራተኛ) ሥራ ነው፣ አንተ አትግባበት። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር የሚታሰረው በዚያው ብረት በኩል ስለሆነ፣ በደንብ ሳይደግፉ የቆረጡት እንደሆነ በሩ አልዘጋም ይላል።

አንድ ነገርም ለአዛውንቱ አስቀድመህ ንገራቸው። ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ነው። መንገድ ተዘጋግቶ ቆመው ሳለ ሙቀቱ ይደክማል። ያ ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ይህን ሳትነግራቸው ከሸኘሃቸው «አልሠራውም» ብለው ይመለሳሉ።

(አባቴ ቮልስ ነበረው። ክረምት ሲገባ የኔ ሥራ ከፊት ተቀምጦ በጋዜጣ መስታወት መጥረግ ነበር። ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለችው ማንሻ የማሞቂያ መሆኗን ያወቅሁት መኪናው ከተሸጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ደብዳቤህን ትንሽ አዳልቼ ሳላነበው አልቀረሁም።)

አሁን ወደ ጥያቄህ። ጓደኞችህ አልተሳሳቱም። የመጨረሻዋ የድሮው ዓይነት ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እዚህም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቮልስን ብቻ የሚያውቅ ልጅ ደንበኛው በየዓመቱ ይቀንስበታል። ይህን ልደብቅህ አልችልም።

ግን አንተ የሠራኸው ቮልስ ብቻ አይደለም። የሠራኸው አየርና ሙቀት ነው። እሱ ደግሞ የትኛውም መኪና ላይ አለ። ነገ ላዳ ቢመጣ ሙቀቱ የሚመጣው ከሞተሩ ውሃ ነው፤ ዳሽቦርዱ ሥር ትንሽ ራዲያተር አለችው። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ እሷ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች በእጅህ ንካ። አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ውሃው አይዞርም፤ ወይ ተደፍኗል ወይ አየር ይዟል። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ የማሞቂያው ውሃ መክፈቻ ተዘግቶ ወይም ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው) ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ጋራዥ ደግሞ ነቅሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ግለው ሙቀት ከሌለ ችግሩ በአየሩ በኩል ነው፤ ማራገቢያውን እይ። መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ካለና ጣፋጭ ሽታ ከሸተተህ፣ ራዲያተሯ ውስጥ ለውስጥ ታፈስሳለች።

ከነገ ወዲያ ኤሌክትሪክ መኪና ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 መኪኖችን እያየህ ነው። እነሱ ሙቀት የሚሰጥ የጭስ ማውጫ የላቸውም። በኤሌክትሪክ የሚግል ማሞቂያ ነው ያላቸው፣ የሚበላውም ከዋናው ባትሪ ነው። ስለዚህ ማሞቂያ ሲበራ መኪናው የሚሄደው ርቀት ይቀንሳል። ደንበኛው ይሄን አይቶ «ባትሪው ሞተ» ብሎ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ማሞቂያውን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ጉሙም ያው ጉም ነው። እርጥብ አየር ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ይመጣል። የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣው) ሥራ ደግሞ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም፣ አየሩንም ያደርቃል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ «የቮልስ መካኒክ» አትባል፣ የኤሲና የማሞቂያ ሰው ሁን። አሮጌዎቹን መኪኖች አትተዋቸው፤ ዳቦህም ትምህርት ቤትህም ናቸው። እዚያ ሁሉም ነገር በእጅ ይነካል፣ በዓይን ይታያል። ጎን ለጎን የአውቶ ኤሌትሪክና የኤሲ ሥልጠና ውሰድ። ለሲኦሲ (ለሙያ ብቃት ምዘናው) ከወዲሁ ተመዝገብ። ብርቱካናማ (የከፍተኛ ቮልቴጅ) ገመድ ያለው መኪና ላይ ግን የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ሳትወስድ ብሎን እንዳትፈታ። እሱ እንደ ካቦ አይደለም፣ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ደብተርም ያዝ። አንድ ገጽ ለአንድ መኪና። ደንበኛው ምን አለ፣ አንተ ምን ለካህ፣ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ቀየርክ። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝተህ አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ከሥራ በፊትና በኋላ ለካ። ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ ከሲቪው ይልቅ ያን ደብተር ክፈትላቸው። ብዙ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጫለሁ፤ «ዕቃ እቀይራለሁ» የሚል እንጂ «እንዲህ ብዬ አገኘሁት» የሚል ልጅ ብዙ አላየሁም።

አለቃህን አትጣላው። እሱ ማሞቂያ የማይወደው ጊዜ ስለሚበላና የሚከፈለው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡን ተጠቅመህ እንደዚህ ዓይነት ሥራ እንድትሠራ ጠይቀው፤ ከገቢው ድርሻውን ስጠው። ለምርመራው ብቻ ዋጋ አውጣለት፤ ጥገናው ለብቻው ይታሰብ። ለአዛውንቱ ግን በዚህኛው ዙር የእጅ ዋጋ አትጠይቅ። የዕቃውን ደረሰኝ ብቻ አሳያቸው። የሽታውን ነገር ሰምተህ ዝም ማለትህንም ራስህ ንገራቸው፤ ከአለቃህ ከሚሰሙት ካንተ ቢሰሙት ይሻላል።