ያነሱልኝ ፎቶ ዳታ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባህር ዳር ሳይኮሎጂ ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ የማጠናው እምቦጭ ፎገራ በኩል ጣና ዳር ያሉ አሳ አጥማጆች ላይ ስላመጣው ጭንቀት ነው። ለ8 ሰው ሞባይል ሰጥቼ ኑሯችሁን አንሱ ብያቸው ብዙ ፎቶ መጣልኝ፣ አማካሪዬ ግን ፎቶ ዳታ አይሆንም አለኝ። ደሞ አንዱ አባት ያነሱት ባዶ ሜዳ ብቻ ነው፣ እሱን ከጥናቱ ላውጣው? (ግራ የገባት፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ ያን ፎቶ እንዳታወጪው! እኔም ድሮ እዛው ዳር ጥናት ስሰራ አንድ ሽማግሌ ያነሱትን ፎቶ አሳጥቤ ወስጄላቸው አረንጓዴ ሜዳ ነበር የመሰለኝ፣ እሳቸው ግን ጣታቸውን ጥግ ላይ አድርገው «ታንኳዬን የማስረው እዚጋ ነበር» አሉኝ፣ ለካ ሜዳ ሳይሆን እምቦጭ የተኛበት ውሃ ነው። ከዛ በኋላ ያወሩኝን በ10 ጥያቄም አላገኘውም ነበር።

አማካሪሽ ግማሹ እውነት አላቸው፣ ፎቶው ብቻውን ብዙ አይናገርም፣ ሰውየው ፎቶውን ይዞ የሚለው ነው ትልቁ ዳታሽ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አቅርቢላቸው። ጆን ኮሊየር የሚባል ተመራማሪ ካናዳ ውስጥ የአእምሮ ጤና ከሚያጠና ቡድን ጋር ሲሰራ ፎቶ እያሳዩ የሚደረግ ኢንተርቪው ረዘም እንደሚልና ሰውም እንደማይሰለቸው አይቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ጽፎታል። የኮሊየር ዘዴ ፎቶውን ተመራማሪው የሚያመጣበት ነው። ያንቺ ደሞ ፎቶቮይስ ለሚባለው ይቀርባል፣ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በ1990ዎቹ ቻይና ዩናን ውስጥ ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ነው የጀመሩት፣ ሴቶቹ አንስተው ብቻ አልቀረም፣ ተሰብስበው አወሩበት። እነዚህን ሁለቱን ይዘሽ ብትሄጂ አማካሪሽ የሚያዳምጡሽ ይመስለኛል።

አሁን ፎቶዎቹን አሳጥቢና እያንዳንዳቸው ከራሳቸው 3 ወይ 4 ይምረጡ፣ አንቺ እንዳትመርጪላቸው በጣም አደራ፣ ድምጽ ቅጂና «ምን ይታያል» ብለሽ ጀምሪ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ስሜቱ ግቢ። «ማንሳት ፈልገው ያላነሱት አለ?» ማለትም አትርሺ፣ ሀፍረትና ሀዘን ብዙ ጊዜ እዛ ነው ያለው። ስትተነትኚ የፎቶውን ቁጥር ትራንስክሪፕቱ (ድምጹን ወደ ጽሁፍ የገለበጥሽበት) ላይ ጻፊ፣ አለዚያ ኋላ ይምታታብሻል።

ፈቃድን በተመለከተ ያነሳው ሰው መፍቀዱ አይበቃም፣ ፎቶው ውስጥ ያለውም መጠየቅ አለበት፣ ለጥናት መሳተፍና ፎቶዬ ይታተም ማለትም ይለያያሉ ስለዚ ለየብቻ አስፈርሚ፣ ማንበብ ለማይችል አንብበሽለት። ፊት ማደብዘዝ ብቻውን አያድንም፣ መንደሩ እኮ ታንኳውን አይቶ የማን እንደሆነ ያውቃል። የታንኳው ባለቤት እምቢ ካለ ፎቶውን ተይውና ስለ ፎቶው ያወሩትን ብቻ፣ ማን እንደሆነ በማያስታውቅ መንገድ ጻፊው።