«አክራሪ» ወይስ «ጽንፈኛ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስናወራ አንዱ ጓደኛዬ «ጴንጤ አክራሪ ነው» አለ። ሌላው «እስላምስ? ኦርቶዶክስስ?» ብሎ ጀመረ። ሦስተኛው ደግሞ «አክራሪ ስድብ ነው፣ ጽንፈኛ በሉ» ብሎ ተቆጣ። ቃላቱ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው። «አክራሪ» የክር ዘመድ ነው። ፈትል ሲጠመዘዝ ይከራል። ካልከረረ ደግሞ ሸማ አይሆንም፤ ሽሮ ሜዳ ወጥተው ሸማኔ ይጠይቁ። «ጽንፍ» ግን ከግእዝ የመጣ ነው፣ ዳርቻ ማለት ነው። «አጽናፈ ዓለም» የምንለው ከዚያው ነው። እንግዲህ ጽንፈኛ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ነው። የከረረው መሀል ላይም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሁለቱም መኮነኛ ስለሆኑ የሦስተኛው ጓደኛዎ እርማት ብዙም አያለዝብም።

የተረሳው ቃል «አጥባቂ» ነው። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን የሚጾመው፣ አምስት ወቅት ሶላቱን የማያጓድለው፣ ጠጅ ቤት ደጃፍ የማይደርሰው ጴንጤ፣ ሁሉም አጥባቂ ናቸው። ጎረቤቱን ካላስገደደ አክራሪ የሚያሰኘው ነገር አይታየኝም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ጴንጤ» የሚለው ባዶ ስም ነው። በአማርኛ ነጠላ ስም ያለ ምንም ቅጥያ ሲቆም ብዙ ጊዜ ዘሩን በሙሉ ይጠራል። «ሰው ሟች ነው» ስንል የሚተርፍ የለም። «ሀበሻ ቀጠሮ አያከብርም» ስንልም እንደዚያው (ይህቺን እኔም እላታለሁ፣ አርፍጄ ስደርስ)። «ኡ» ወይም «ው» ሲጨመር ነገሩ ይለወጣል። መርካቶ፣ ራጉኤል በር ላይ «እስላሙ ጋ ግዛ» የሚልዎት ሰው የሚያሳይዎት አንድ ባለሱቅ ነው። «እስላም እንዲህ ነው» ካለ ግን አጠገቡ ያለው አንዋር መስጊድ የሚሰግደውን ሁሉ ጠቀለለ። ይባስ ብሎ «እስላም» የሃይማኖቱም ስም ነው፤ አማኙ «ሙስሊም» ነው። ስለዚህ ሰው የከሰሰ መስሎት እምነቱን ይከሳል።

«ጴንጤ»ም ሰፊ ከረጢት ነው። ከጴንጤቆስጤ ያጠረ ነው፤ በግሪክ «ኀምሳኛ» ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሉተራዊቷን መካነ ኢየሱስንም እዚያው እንከታታለን።

ለመጀመሪያው ጓደኛዎ «የትኛው ጴንጤ?» ይበሉት። ሰውየውንና ያደረገውን ከነገረዎት፣ ያኔ ቃሉን አብረን እንመርጥለታለን።