መልስ፦ የማደንቃቸውን የእንስሳት ሐኪም ሳገኝ ምን ልበላቸው?

የደስታ በሽታ የሚባለውን ገዳይ የከብት ወረርሽኝ ለማጥፋት የሠሩትን ሐኪም በጉባኤው የሻይ እረፍት ላይ ስታገኛቸው ምን እንደምትላቸው ጠይቀሃል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘህ ቅረብ፤ እሱም በእጃቸው ስለነኩት ነገር ይሁን።

በሽታው ከምድር መጥፋቱ የታወጀው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2011 ነው። አንተ የምታውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ እሳቸው ግን የታመመውን ከብት አፍ ከፍተው የድዱን ቁስል አይተዋል፣ ሽታውንም ያውቁታል። እንግዲህ፦

1. ስምህንና የት እንደምትሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር።
2. «መጀመሪያ ያዩት የታመመ ከብት ምን ይመስል ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። ሙቀት የሚቋቋመው ክትባት ከመምጣቱ በፊት የቀድሞውን ክትባት እስከ በረሃ ድረስ እንዴት አቀዝቅዘው እንዳደረሱት ብትጠይቅም ደስ ይላቸዋል።
3. ከዚያ ዝም ብለህ አድምጥ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ የራስህን ታካሚ ይዘህ አትቅረብ። እኔ የማከብራቸውን ሐኪም ሳገኝ የምታነክስ ላም ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው በትዕግሥት አዩት፤ «እግሯን ሳልዳብስ ምንም ማለት አልችልም» አሉኝ። እረፍቱም አበቃ። ልጠይቃቸው የነበረውን ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።